ከባዱ ይጠራል፣ ቀላሉ ይከማቻል፦ ራስን በራስ ማዳቀልና ጎጂ ሚውቴሽኖች

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ከፈረንሳይ አንድ ጥናት ወጣ። ጉዳዩ የሜዳ ፓንሲ ስለምትባል አበባ ነው። በእርሻ ዳር የምትበቅል፣ ብዙ ሰው ልብ ሳይላት የሚያልፋት ትንሽ አበባ ናት። ተመራማሪዎቹ በፓሪስ ዙሪያ ካሉ አራት ቦታዎች ከ20 እስከ 30 ዓመት በፊት ተሰብስቦ የተቀመጠ ዘር አወጡ። ከእነዚያው ቦታዎች ደግሞ አዲስ ዘር ለቀሙ። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ አበቀሏቸው። የዛሬዎቹ አበቦች ከድሮዎቹ በ10 በመቶ ያህል አንሰው ተገኙ። ወለላቸው በ20 በመቶ ቀንሷል። ንቦችም እንደ ድሮው አይፈልጓቸውም። በሜዳው ላይ ራሳቸውን በራሳቸው የማዳቀል መጠናቸው ግን በ27 በመቶ ጨምሯል።

ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። አበባ አዳቃይ ነፍሳት እየቀነሱ ነው። ነፍሳት ካልመጡ ደግሞ ትልቅ አበባና ብዙ ወለላ ማዘጋጀት ከንቱ ድካም ነው። ማንንም ሳትጠብቅ በራሷ የአበባ ብናኝ የምታፈራ ተክል ዘሯን ትተካለች። ነፍሳትን የምትጠብቀው ባዶዋን ትቀራለች። ፓንሲ ከድሮም ሁለቱንም መንገድ ትችል ነበር። አሁን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋደለ። ይህ ደግሞ የተረፉትን ነፍሳት ምግብ ያሳጣል። ነፍሳቱ ሲቀንሱ አበቦቹ ይበልጥ ወደ ራሳቸው ይዞራሉ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወርዳል።

ዜናው ሲወራ ብዙ ሰው ያዘነው ለንቦቹ ነው። ትክክል ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዓይን የማይታየው ክፍል ነው። አንድ ተክል ራሱን በራሱ ማዳቀል ሲያበዛ፣ በዘረመሉ ውስጥ ያሉት ጎጂ ሚውቴሽኖች ምን ይሆናሉ?

“በቅርብ ዘመድ መዳቀል መጥፎ ነው” ብለን ነገሩን መዝጋት እንችላለን። ግን መልሱ እንደዚያ አጭር አይደለም። ራስን ማዳቀል መጀመሪያ ይጎዳል። ከዚያ ያጠራል። ውሎ አድሮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ያከማቻል። ሁሉም እውነት ነው፤ የሚለያየው ጊዜው ነው። ብዙ ክርክር የሚነሳውም አንዱ የአሥር ትውልዱን፣ ሌላው የአሥር ሺህ ትውልዱን እያሰበ ስለሚነጋገሩ ነው።

የተሸፈነ ጉድለት

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሲራባ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ግልበጣው እጅግ ጥንቃቄ የበዛበት ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም። አንድ ሕፃን ሲወለድ በእናቱም በአባቱም ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ ለውጦችን ይዞ ይመጣል። ሚውቴሽን የምንላቸው እነዚህን ነው። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ጥቂቶቹ ይጎዳሉ። የሚጠቅሙት ከሁሉም ያነሱ ናቸው።

የሚጎዱትም እኩል አይጎዱም። አንዳንዱ ከባድ ነው። ፅንሱን ይገድላል፣ ወይም ተክሉን መካን ያደርጋል። አንዳንዱ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። የዘሩን ቁጥር በመቶኛ ሽራፊ ይቀንሳል፣ ወይም እድገቱን ትንሽ ያዘገያል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

ሰውም ሆነ ፓንሲ የአብዛኛው ዘረመል ሁለት ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ብዙ ጊዜ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። ችግሩ የሚታየው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። በተለይ ከባዶቹ ሚውቴሽኖች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ድብቅ ናቸው።

በቁጥር እንየው። ከ100 ቅጂ አንዱ የተበላሸ ነው እንበል። እንደልቡ ከሌላ ጋር በሚዳቀል ስብስብ ውስጥ ሁለቱም ቅጂው የተበላሸ ግለሰብ የሚገኘው ከ10,000 አንድ ነው። ይህ ማለት ከተበላሹት ቅጂዎች 99 በመቶው ከጤነኛ ቅጂ ጋር ተጣምረው ተደብቀዋል። የተፈጥሮ ምርጫ ደግሞ የማያየውን ነገር ማስወገድ አይችልም።

አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ይባል የለ? ከሌላ ጋር መዳቀል ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አይነቅለውም። ልጆቹ ያማሩና የጠነከሩ ናቸው። ድብቁ ሸክም ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል። አረሙ የሚመለሰው ዘመድ ከዘመድ የተገናኘ ቀን ነው።

ራስን በራስ ማዳቀል ከዘመድ መዳቀል ሁሉ የባሰው ነው። አንድ የተበላሸና አንድ ጤነኛ ቅጂ ያለው ተክል ራሱን ሲያዳቅል፣ ከልጆቹ ሩቡ ሁለቱም ቅጂያቸው የተበላሸ ይሆናል። ሩቡ ከጉድለቱ ነጻ ይወጣል። ግማሹ እንደ ወላጁ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ትውልድ የተሸካሚው ድርሻ እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። ከ5 ትውልድ በኋላ 3 በመቶ ገደማ ይቀራል። ከ10 ትውልድ በኋላ ከሺህ አንድ ይሆናል። ቅድም ከ10,000 አንዱ ብቻ ይታመም የነበረው ጉድለት አሁን ከ100 አንዱን ያጠቃል። በመቶ እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ይህ ለተጠቂዎቹ ክፉ ነገር ነው። ለስብስቡ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ተደብቆ የኖረው ጉድለት አደባባይ ወጣ። የታመሙት ዘር ሳይተኩ ይቀራሉ። ጉድለቱም አብሯቸው ይቀበራል። ሳይንቲስቶች ማጥራት የሚሉት ይህንን ነው።

ዳርዊን ያየው፣ ያልገባውም

ቻርልስ ዳርዊን በዚህ ጉዳይ ላይ 11 ዓመት ሠርቷል። ከ50 በላይ የተክል ዝርያዎችን እየወሰደ ግማሹን በራሳቸው ብናኝ፣ ግማሹን በሌላ ተክል ብናኝ ያዳቅል ነበር። ልጆቻቸውን ጎን ለጎን ተክሎ ቁመታቸውን ይለካል፤ ዘራቸውን ይቆጥራል። ውጤቱን በ1876 አሳተመ። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ከሌላ የተዳቀሉት ረዝመውና ብዙ ዘር ሰጥተው ተገኙ። ጉዳዩ ለእሱ የቤትም ነበር። ባለቤቱ ኤማ ዌጅዉድ የቅርብ የአክስትና የአጎት ልጅ ዘመዱ ናት። ከልጆቻቸው ሦስቱ በልጅነታቸው ሞተዋል። ዝምድናው ልጆቹን ጎድቶ ይሆን የሚል ስጋት ነበረበት።

ከሙከራዎቹ አንዱ ግን ከመስመር የወጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት በምታብብ አንዲት ሐረግ ላይ ለትውልዶች ራስን ማዳቀልን ቀጠለ። በየትውልዱ ከሌላ የተዳቀሉት ያሸንፋሉ። በስድስተኛው ትውልድ ግን ራሷን ካዳቀለችው ወገን አንዲት ተክል ብቅ አለች። ተፎካካሪዋን በግማሽ ኢንች በለጠቻት። ዳርዊን ጀግና ብሎ ሰየማት። የጀግና ልጆችና የልጅ ልጆችም ብርቱ ሆነው ቀጠሉ።

ዳርዊን ይህን የሚያስረዳበት መሣሪያ አልነበረውም። ዘረመል እንዴት እንደሚወረስ የሚያሳየው የግሪጎር ሜንዴል ሥራ በ1866 ታትሞ ነበር፤ ዓለም ልብ ያለው ግን በ1900 ነው። ዛሬ ሆነን ስናየው ጀግና ከአያቶቿ ድብቅ ጉድለት አብዛኛውን ያልወረሰች ተክል ሳትሆን አትቀርም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎቹ ራስል ላንድና ዳግላስ ሼምስኬ ነገሩን በሒሳብ አስቀመጡት። ራስን ማዳቀል የሚያመጣው ድክመት ከግማሽ በታች ከወረደ ተክሉን ወደ ኋላ የሚይዘው ነገር አይኖርም አሉ። ትንሽ ራስን ማዳቀል ትንሽ ያጠራል። ትንሽ መጥራቱ የበለጠ ራስን ማዳቀልን ያቀላል። በዚሁ ይንደረደራል።

በ1996 ደግሞ ብራያን ሃዝባንድና ሼምስኬ የ54 የተክል ዝርያዎችን መረጃ አሰባሰቡ። ከሌላ ጋር በሚዳቀሉት ዝርያዎች፣ ራሳቸውን እንዲያዳቅሉ ሲደረግ ልጆቹ በአማካይ በ53 በመቶ ይዳከማሉ። ራሳቸውን ማዳቀል በለመዱት ግን ድክመቱ 23 በመቶ ነው። ማጥራት በእርግጥ አለ ማለት ነው።

ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ዝርዝር አለው። ለእኔ ከአማካዮቹ ይበልጣል። ከሌላ ከሚዳቀሉት ዝርያዎች በብዙዎቹ ድክመቱ ገና ከጅምሩ፣ ፍሬው ዘር ሲይዝ ሳለ ይታያል። ራሳቸውን ከሚያዳቅሉት በአብዛኞቹ ግን የሚታየው ዘግይቶ፣ በእድገትና በመራባት ጊዜ ነው። ፅንስ የሚገድሉት ከባዶቹ ሚውቴሽኖች ተጠርገዋል። የቀሩት ቀስ ብለው የሚያደክሙት ናቸው። ያ 23 በመቶም ዜሮ አልሆነም።

ቀላሎቹ ለምን አይጠሩም?

አንዳንድ ሰው እዚህ ጋ ይገረማል። ከባዱን ያጸዳ መንገድ ቀላሉን ማጽዳት እንዴት ያቅተዋል?

በወረቀት ላይ አያቅተውም ነበር። ስብስቡ እጅግ ትልቅ ከሆነና ጊዜ ካገኘ፣ ራሱን የሚያዳቅል ዝርያ የሚሸከመው ጉዳት ከሌላው እንኳ ሊያንስ ይችላል። የቀድሞዎቹ የሒሳብ ሞዴሎች የሚያሳዩት ይህንን ነው። ችግሩ “እጅግ ትልቅ ከሆነ” የሚለው ላይ ነው።

የተፈጥሮ ምርጫ ብቻውን አይሠራም። ዕድልም አለ። አንዱ ተክል ድንጋይ ላይ ይወድቃል፤ ሌላው ለም አፈር ያገኛል። ስብስቡ ሰፊ ሲሆን እነዚህ አጋጣሚዎች እርስ በእርስ ይጣፋሉ። ሲጠብ ግን ዕድል ከጥራት በላይ ይወስናል። አንድ ሚውቴሽን የሚያደርሰው ጉዳት ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ምርጫ ሊለየው አይችልም። ያ ድንበር በስብስቡ ልክ ይወሰናል። በዘረመል ስሌት 1,000 ግለሰብ የሚባል ስብስብ ውስጥ፣ ጉዳቱ ከ2,000 አንድ እጅ በታች የሆነ ሚውቴሽን እንደሌለ ይቆጠራል። ይጥፋ ወይም ይንሰራፋ የሚወስነው ዕድል ነው።

ራስን ማዳቀል ይህን ስብስብ ያጠበዋል። ሁለቱ ቅጂ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሜዳው ላይ 1,000 ተክል ቢቆጠርም በዘረመል ስሌት ከ500 አይበልጥም። ይህ ገና መነሻው ነው። ራሱን የሚያዳቅል ተክል ከአንዲት ዘር ተነስቶ አዲስ ቦታ ሊወርስ ይችላል። ለመስፋፋት ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ያ አዲስ ስብስብ በሙሉ የአንዲት እናት ልጅ ነው። የእሷ ትንንሽ ጉድለቶች በአንድ ጊዜ የሁሉም ጉድለት ይሆናሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይከብደኛል። ከሌላ ጋር መዳቀል ዘረመሎችን ይቀላቅላል። ከእናት የመጣው ክሮሞዞምና ከአባት የመጣው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ጥሩ ዘረመል ከመጥፎ ጎረቤቱ ተላቆ በራሱ መንገድ መሄድ ይችላል። ራሱን ለረጅም ጊዜ ባዳቀለ ተክል ውስጥም መለዋወጡ አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱ ክሮሞዞሞች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የተለወጠው ነገር የለም። ስለዚህ ዘረመሎቹ ተጠፍረው አብረው ይኖራሉ፤ አብረው ይጠፋሉ። አንድ ጠቃሚ ሚውቴሽን ሲመጣ በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ጎጂዎች ይዞ ይስፋፋል። አንድ ከባድ ጎጂ ሲወገድ ደግሞ አጠገቡ የነበረው ጥሩ ነገር አብሮ ይጠፋል።

አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ ኸርማን ሙለር በ1964 የዚህን መጨረሻ አሳይቷል። እሱ ያሰበው ጨርሶ ስለማይዳቀሉ ፍጥረታት ነበር። በጠባብ ስብስብ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ጉድለት ያላቸው ግለሰቦች ጥቂት ናቸው። አንድ ቀን በአጋጣሚ ዘር ሳይተኩ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ምርጥ የሚባሉት አንድ ጉድለት የጨመሩት ናቸው። እነሱም በተራቸው ያልቃሉ። ዘረመል ካልተቀላቀለ በቀር ያለፈውን ንጹሕ ዓይነት መልሶ መሥራት አይቻልም። ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚያዳቅል ዝርያም ወደዚያው ይጠጋል።

በተፈጥሮም ይታያል። ካፕሴላ በሚባለው የተክል ወገን ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ። ካፕሴላ ግራንዲፍሎራ በዋናነት በግሪክ የምትገኝ፣ ከሌላ ጋር ብቻ የምትዳቀል፣ አበባዋ ትልቅ የሆነ ናት። ካፕሴላ ሩቤላ ከእሷ ወገን የወጣችው ከ200,000 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። አበባዋ ትንሽ ነው። ሜዲትራኒያንን ዞራ ብዙ አገር ደርሳለች። የሁለቱ ዲኤንኤ በ2013 ሲነጻጸር፣ ሩቤላ ውስጥ የተፈጥሮ ምርጫ መላላቱ ግልጽ ሆነ። ዘመዷ ውስጥ ተጠርገው ይወጡ የነበሩ ፕሮቲን የሚቀይሩ ሚውቴሽኖች እሷ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዛሬ ሜዳ ላይ ብታዩዋት ግን ጤነኛና የተሳካላት ተክል ናት። ይህንን ነው ልብ ማለት ያለብን። የዛሬ ጥንካሬ የነገውን አያሳይም።

ትሎቹ

ተክሎችን መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል። በአንድ ሚሊሜትር ትል ግን ብዙ ትውልድ በአጭር ጊዜ ማየት ይቻላል። ሴኖራብዲቲስ ኤለጋንስ በላቦራቶሪ የታወቀች ትል ናት። አብዛኞቹ ፍናፍንት ናቸው፤ የራሳቸውን ዘር ፈሳሽና የራሳቸውን እንቁላል ሠርተው ራሳቸውን ያዳቅላሉ። ከሺህ አንድ ሁለት ያህል ወንድ ይወለዳል። ከሌላ ጋር መዳቀል የሚቻለው በእነዚህ ወንዶች በኩል ብቻ ነው።

በ2009 ተመራማሪው ሌቪ ሞራንና ባልደረቦቹ ትሎቹን በዘረመል ለውጥ በቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ራሱን ብቻ ያዳቅላል። አንዱ ከሌላ ጋር ብቻ ይዳቀላል። ሌላው እንደ ተፈጥሮው ሁለቱንም ይችላል። ከዚያ ሚውቴሽን በሚያበዛ ኬሚካል እየነከሩ 50 ትውልድ ጠበቁ። ራሱን ብቻ የሚያዳቅለው ቡድን እየደከመ ሄደ። ከሌላ ጋር የሚዳቀለው ሸክሙን ተቋቋመ። ሁለቱንም የሚችለው ደግሞ ከሌላ ጋር መዳቀልን አበዛ። ማንም አላስገደደውም፤ ወንዶችን የተጠቀሙት ብዙ የተረፈ ልጅ ስለነበራቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች በሙከራው ላይ በሽታ ጨመሩበት። ትሎቹን የሚገድል ባክቴሪያ አብሮ እንዲለዋወጥ ተደረገ። ትሎቹ መከላከያ ሲያበጁ ባክቴሪያውም መንገድ ይቀይራል። ራሳቸውን ብቻ የሚያዳቅሉት ትሎች በ20 ትውልድ ውስጥ ጨርሰው አለቁ። ከሌላ የሚዳቀሉት ቀጠሉ።

ሁለቱ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚያሳዩት ነገር አለ። ራስን ማዳቀል የሚጎዳው ጉድለት በማከማቸት ብቻ አይደለም። አዲስ ነገር ሲመጣ ምላሽ የሚሆን ልዩነት እንዳይኖር በማድረግም ጭምር ነው።

ታዲያ ለምን ይበዛል?

ከአበባ ተክሎች ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ በዋናነት ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ይህ መንገድ በተለያዩ የተክል ቤተሰቦች ደጋግሞ ተፈጥሯል። ይህን ያህል አደጋ ካለው ለምን?

አንደኛው መልስ በፓንሲዋ ታይቷል፤ አዳቃይ ሲጠፋ ራስን ማዳቀል ዘር ያድናል። ሁለተኛውን እንግሊዛዊው የዘረመል ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1941 አስልቶታል። ከሌላ የሚዳቀል ተክል ለሚያፈራው ዘር ግማሽ ዘረመሉን ይሰጣል፤ በብናኙ ደግሞ በሌላው ተክል ዘር ላይ ግማሽ ያገኛል። ራሱን የሚያዳቅለው ለራሱ ዘር ሁለቱንም ቅጂ ይሰጣል፤ ብናኙም ወደ ሌላ መሄዱን አይተውም። ሦስት ለሁለት ይበልጣል። የ50 በመቶ ብልጫ ማለት ነው። ድክመቱ ይህን ብልጫ ካላጠፋው በስተቀር ራስን ማዳቀል ያሸንፋል።

ለውጡም ፈጣን ነው። በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ሚሙለስ የምትባል ቢጫ አበባ ያለ ንብ ስትቀመጥ በአምስት ትውልድ ብቻ ራሷን የማዳቀል ችሎታዋን እንዳሳደገች አሳይቷል።

መመለሱ ግን እንደ መሄዱ ቀላል አይደለም። ብዙ አበቦች የራሳቸውን ብናኝ ለይተው የሚገፉበት ሥርዓት አላቸው። ሥርዓቱ በብናኙም በእንስት ክፍሉም ያሉ የተጣመሩ ዘረመሎችን ይፈልጋል። አንዷ ብትበላሽ ይፈርሳል። እንደገና ለመገንባት ግን ሁለቱም ተገጣጥመው መፈጠር አለባቸው። ድንችና ቲማቲም ባሉበት የተክል ቤተሰብ ላይ በ2010 የወጣ ጥናት ይህን ከታሪክ አንጻር መረመረው። ይህን ሥርዓት ያጡት ወገኖች አዳዲስ ዝርያ በማፍራት ፈጣን ናቸው። በመጥፋት ግን ከዚያም ይፈጥናሉ። ሥርዓቱን የያዙት ረጅም ዕድሜ አላቸው። አሜሪካዊው የተክል ተመራማሪ ሌድያርድ ስቴቢንስ በ1957 ራስን ማዳቀል መጨረሻው ዝግ የሆነ መንገድ ነው ሲል የጠረጠረው ነገር እዚህ በማስረጃ ተደገፈ።

እዚህ ላይ ግን ማጋነን አያስፈልግም። መንገዱ ይበልጥ የሚዘጋው ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን ለሚያዳቅሉት ነው። ትንሽ መቀላቀል ብዙ ይረዳል። ለብዙ ምርምር የምታገለግለው አራቢዶፕሲስ የተባለች ትንሽ ተክል ከመቶ 98 ገደማ ራሷን ታዳቅላለች። የቀረችው ጥቂት እጅ ግን በትውልዶች ብዛት ዘረመሏን ታፈታታለች። ከጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል ራሱን በራሱ በማዳቀል የሚታወቀው የማንግሮቭ ኪሊፊሽ የተባለ ትንሽ ዓሣም ቢሆን አልፎ አልፎ ወንዶች አሉት፤ በእነሱ በኩል ይቀላቀላል። ስለዚህ “ራሱን ያዳቅላል ወይስ አያዳቅልም?” ከማለት ይልቅ “የመጨረሻዋ ጥቂት እጅ መቀላቀል ቀርታለች ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የአዳቃይ ነፍሳት መጥፋት የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። ቀድማ የምትጠፋው ይህች ጥቂት እጅ ናት።

ጥቂት ሆነው የቀሩ እንስሳት

አብዛኞቹ እንስሳት ራሳቸውን አያዳቅሉም። ቁጥራቸው ሲመናመን ግን ወንድም ከእህት ይገናኛል፤ ስሌቱ ወደዚያው ይጠጋል። ጥያቄውም ከንድፈ ሐሳብ ወጥቶ የዛሬ ውሳኔ ይሆናል።

አይቤክስ የሚባለው የአልፕስ የተራራ ፍየል በአደን ምክንያት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ከእነዚያ ተነስቶ ዛሬ ወደ 50,000 ደርሷል። ትልቅ ስኬት ነው። በ2020 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን ሁለቱን ነገር በአንድ እንስሳ ላይ አሳየ። በጣም ከባድ የሆኑት ሚውቴሽኖች ቀንሰዋል። ቀለል ያሉት ተከማችተዋል።

የፍሎሪዳ ፓንተር የሚባለው በአሜሪካ የሚኖር ትልቅ የዱር ድመት ደግሞ በሌላው መንገድ ድኗል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርተው ነበር። ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ልባቸው ጉድለት ያለበት፣ የወንዶቹ የዘር ፍሬ ያልወረደ በዙ። በ1995 ስምንት ሴቶች ከቴክሳስ መጥተው ተለቀቁ። ልጆቻቸው ጠነከሩ፤ ቁጥሩም ከመቶ በላይ ወጣ።

ክርክሩ አሁን የሚነሳው “እንግዳ ከየት ይምጣ?” በሚለው ላይ ነው። ከትልቅና ልዩነት ከሞላበት ስብስብ የመጣ እንግዳ ብዙ ድብቅ ከባድ ጉድለትም ይዞ ይመጣል። በአሜሪካ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ባለችው አይል ሮያል ደሴት በ1997 አንድ ወንድ ተኩላ በረዶ ተሻግሮ ገባ። መጀመሪያ ረዳ። ከጊዜ በኋላ ግን ሁሉም የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ሆኑ። እርስ በእርስ ተዳቅለው በ2016 ሁለት ተኩላ ብቻ ቀረ። ይህን አይተው አንዳንድ ተመራማሪዎች እንግዳው ለረጅም ጊዜ በመጠነኛ ቁጥር ከኖረና አስቀድሞ ከጠራ ስብስብ ቢመጣ ይሻላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልዩነት ይቅደም ይላሉ።

እኔ ወደ ሁለተኞቹ አዘነብላለሁ። በአይል ሮያል የጎደለው ተጨማሪ እንግዳ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ የቆመ ደም ነው የተመለሰባቸው። “ጥቂት ናቸው፣ ጠርተዋል፣ ይተዋቸው” የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ያስፈራኛል። የጠራው ከባዱ ብቻ ነውና። ደግሞም የምናጠናው በማጥራት ላይ እያሉ ሳያልቁ የተረፉትን ዝርያዎች ብቻ ነው፤ በመንገድ የጠፉት በመረጃችን ውስጥ የሉም።

በእርሻም የሚታወቅ ነው። ስንዴ፣ ሩዝና ገብስ ራሳቸውን ያዳቅላሉ፤ ከባዱ ጉድለታቸው ከተጠረገ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በቆሎ ከሌላ ጋር ይዳቀላል። አሜሪካዊው የተክል ሊቅ ጆርጅ ሻል በ1908 በቆሎን ለትውልዶች በራሱ ሲያዳቅለው እንደሚቀጭጭ፣ ሁለት የቀጨጩ መስመሮች ሲገናኙ ግን ልጁ እንደሚያስደንቅ ጽፏል። የዛሬው ድቅል በቆሎ ከዚያ የመጣ ነው። የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤነኛ ቅጂ ይሸፍናል። ከድቅሉ ላይ ዘር ወስዶ መልሶ የዘራ ሰው ምርቱ የሚቀንስበትም ለዚሁ ነው።

ለጥበቃ ሥራ ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የዱር ተክል ዘር ለማስቀመጥ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የመዳቀያ መንገዱን ማወቅ አለበት። ከሌላ ጋር በሚዳቀል ዝርያ አብዛኛው ልዩነት በአንድ ሜዳ ውስጥ ስለሚገኝ ከአንድ ቦታ ብዙ እናት ተክሎችን መልቀም ብዙ ይይዛል። ራሱን በሚያዳቅለው ግን አንዱ ሜዳ ሙሉ በሙሉ የአንድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው በሜዳና በሜዳ መካከል ነው። ከጥቂት ቦታ ብዙ ከመውሰድ ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል። መንገዱን በመቀየር ላይ ያለ ዝርያ ሲሆን ደግሞ፣ ዛሬ የተሰበሰበው ከ20 ዓመት በኋላ ከሚሰበሰበው ጋር አንድ ስለማይሆን፣ ከየቦታው በየጥቂት ዓመቱ መልሶ መልቀምና ቀኑን መመዝገብ ያስፈልጋል።